“አሥር ሰከንድ ብጨምርለት ማንን ይጎዳል?” አልኩ…

እኔም እንደ እናንተው ሳምንት በሳምንት ከሁሉም ገጽ ቀድሜ የማነበው ይህንን ዓምድ ነው። ብዙ ጊዜ የሚወጣው የፍቅር፣ የትዳርና የክህደት ታሪክ ነው። የእኔም ታሪክ ፍቅር አያጣውም፤ ዋናው ጉዳይ ግን ሥራ ነው። ያውም ብዙዎቻችሁ “ምነው ለእኔ በሆነ!” የምትሉት ዓይነት ሥራ። ስሜንም የድርጅቱንም ስም አልጽፍም። ለነገሩ ብዕር ያነሳሁት ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ ያጠፋሁት እኔው ነኝ።

ከዩኒቨርሲቲ የተመረቅሁት በ2007 ዓ.ም ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ… አራት ኪሎ ጋዜጣ ከሚያከራዩት ልጆች ዘንድ ቁጭ ብሎ የሥራ ማስታወቂያ መገልበጥ፣ ፎቶ ኮፒ፣ ማመልከቻ፣ እንደገና ፎቶ ኮፒ። በ2008 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ ታዲያ ቀናኝና በትምህርት ላይ የሚሠራ አንድ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት የመስክ ሠራተኛ አድርጎ ቀጠረኝ። ሰፈር ውስጥ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ገባ። “ኤን.ጂ.ኦ ገባች!” ተባለ። አንዲት ጎረቤታችን እናቴን “በዶላር ነው አሉ የሚከፍሏት” ብለው ጠየቋት። እናቴ አልካደችም! የመጀመሪያ ደመወዜ ባንክ ሳይገባ ሁለት የአክስቴ ልጆች “አስገቢልን” ብለው የትምህርት ማስረጃቸውን በፖስታ አሽገው ላኩልኝ።

እኔም ብሆን ልዋሽ አልፈልግም፤ ነጩ ላንድክሩዘር፣ አንገቴ ላይ የሚንጠለጠለው መታወቂያ፣ ላፕቶፑ… ደስ ይለኝ ነበር። ከመስክ ስመለስ ከጓደኞቼ ጋር ቦሌ ቁጭ ስንል ሂሳብ የምከፍለው እኔ ሆንኩ። ደሃ ልጆችን እየረዳሁ እኔም ያልፍልኛል፤ ከዚህ የተሻለ ምን ሥራ አለ? አልኩ።

የተመደብኩት ደብረ ብርሃን ነበር። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ቢርቅ ነው፤ ብርዱ ግን የሌላ አገር ነው። ትምህርት ቤቶቹ ያሉት ከከተማው ወጣ ብሎ በኮረኮንች መንገድ አንድ ሰዓት ተኩል ተነድቶ በሚደረስባቸው ቀበሌዎች ነው። መኪናችን ብቅ ሲል ልጆቹ “ሃይላንድ! ሃይላንድ!” እያሉ ይከተሉናል። ባዶ የውሃ ፕላስቲክ እንድንወረውርላቸው ነው። ሾፌራችን ጨዋታ አዋቂ ሰው ነበር፤ “አየሽ እህቴ፣ እናንተ ቢሮ ቁጭ ብላችሁ የምትጽፉት ፕሮጀክት ሁሉ ለእነሱ ይህችን ፕላስቲክ አያህልም” ይለኝ ነበር። ያኔ ስቄ አልፈዋለሁ።

ሥራችን ምን መሰላችሁ? ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉ ልጆች ማንበብ እንዲችሉ መርዳት። ቀላል ይመስላል፣ አይደል? በ2002 ዓ.ም በ8 ክልሎችና በ6 ቋንቋዎች በተደረገ የንባብ ጥናት ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አቅቷቸው ነበር። ልጁ ክፍል ገብቷል፣ ደብተር ይዟል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎም ያነበንባል። የሚያነበንበው ግን በቃሉ የያዘውን ነው። እኔ ራሴ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንዲት ልጅ የአማርኛ መጽሐፏን አንድ ገጽ ሳትሳሳት ስትወጣው ጣቷ የነበረው ሥዕሉ ላይ ነው!

ይህንን ለመለየት ነው እንግዲህ መለኪያው የመጣው። ልጁን ለብቻው ከክፍል ታወጡታላችሁ። በ10 መስመር የተደረደሩ 100 ፊደላት ያሉበት ወረቀት ይሰጠዋል። ሰዓቱን ተጭናችሁ በ1 ደቂቃ ውስጥ ስንቱን እንደጠራ ትመዘግባላችሁ። ቀጥሎ ቃላት አሉ። ቀጥሎ ደግሞ ትርጉም የሌላቸው፣ ሆን ተብሎ የተፈጠሩ ቃላት አሉ፤ በቃሉ ሸምድዷቸው ሊሆን አይችልማ! በመጨረሻ አጭር ታሪክና ስለ ታሪኩ 5 ጥያቄዎች። የደቂቃው ነገር ለጭካኔ የገባ አይደለም፤ እያንዳንዱን ፊደል እየታገለ የሚያነብ ልጅ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ መጀመሪያው ይጠፋበታል። የመጀመሪያውን መስመር አሥሩንም ፊደል ከሳተ ግን ደቂቃውን አትጠብቁም፤ “አመሰግናለሁ፣ ወደሚቀጥለው እንለፍ” ብላችሁ ወረቀቱን ትገለብጣላችሁ። ፊታችሁ ላይ ምንም መታየት የለበትም። ይህ ሁሉ በሥልጠና የሚሰጥ ነው። አንድ ልጅ ሲያነብ ሁላችንም እየሰማን እንመዘግብና ምልክታችን ምን ያህል እንደሚመሳሰል ይታያል። ከሠልጣኞቹ መካከል አንደኛ የወጣሁት እኔ ነበርኩ። ይህችን ያዙልኝ።

በመጀመሪያው ልኬት ጊዜ አንድ ልጅ መጣ። ክፍሉ ስለጠበበ የትምህርት ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ነበር የተቀመጥነው። በአሮጌ ጋቢ ተጠቅልሏል፤ ገና 1ኛ ክፍል ነው፤ ከሰዓት በኋላ በግ ይጠብቃል። ወረቀቱን ሰጠሁትና ሰዓቱን ተጫንኩ። ዝም። ቀጥል አልኩት፤ ዝም። “አመሰግናለሁ፣ ወደሚቀጥለው እንለፍ” አልኩ። ቃላቱም ላይ ዝም፣ ታሪኩም ላይ ዝም። ሁሉንም ዜሮ ሞልቼ እርሳስ ሰጠሁት፤ ሁሉም ልጅ የሚሰጠው ነው። እርሳሱን ይዞ ቆመና “ያስወጡኛል እንዴ?” አለኝ። የተፈተነው ከትምህርት ቤት ሊባረር መስሎታል። እንደማይባረር ነገርኩት። ያመነኝ አይመስለኝም።

ፕሮጀክታችን ሁለት ነገር ነበረው። አንዱ የመምህራን ሥልጠና ነው። እውነቱን ለመናገር መምህራኑ ከሥልጠናው ይልቅ “አበሉ ስንት ነው?” የሚለውን ነበር አጥብቀው የሚጠይቁት፤ አልፈርድባቸውም፤ ደመወዛቸውን አውቀዋለሁ። ሁለተኛው የቅዳሜ ንባብ ነው። 10ኛ ክፍል ጨርሰው መሰናዶ ያልገባላቸው የቀበሌው ወጣቶች በነፃ ልጆቹን ሰብስበው በዋርካ ጥላ ሥር ተረት ያነቡላቸዋል፣ ያስነብቧቸዋል። ለእነሱ የሰጠናቸው ቲሸርትና ጃንጥላ ብቻ ነው። ከሁሉም በላይ የሠራው ግን ይህ የቅዳሜው ነበር። ያ ጋቢ ለባሽ ልጅ በጎቹን ይዞ ይመጣና በአንድ ዓይኑ በጎቹን፣ በሌላው መጽሐፉን እያየ ይማራል።

አሁን ፍቅር ወዳለበት ልግባ። በአንደኛው ሥልጠና ላይ ስለ አበል ያልጠየቀ አንድ መምህር ነበር። እጁን አውጥቶ “እኔ አንድ ክፍል ውስጥ 70 ልጅ ነው ያለኝ። እናንተ እያንዳንዱን ልጅ አድምጥ ትሉኛላችሁ። የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ለ70 ስታካፍሉት ለአንዱ ስንት ሰከንድ ይደርሰዋል?” አለ። አዳራሹ ሳቀ። መልስ አልነበረንም፤ ሻይ ዕረፍት አወጅን። እኔም ሻይ ላይ ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ። የዚያ የጋቢው ልጅ መምህር መሆኑን በኋላ ነው ያወቅሁት። ከልጆቹ ጋር ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ አብሮ እያደገ ያስተምራል። ዝርዝሩን አላሰለቻችሁም፤ በ2010 ዓ.ም ጥምቀት ላይ ሽማግሌ ልኮ ቀለበት አሠርን። ደመወዜ የእሱን ሦስት እጥፍ ነበር። ይህም በቤተሰቤ በኩል ብዙ አነጋግሯል፤ ሌላ ቀን እጽፈው ይሆናል።

ግንቦት 2010 ዓ.ም የመጨረሻው ልኬት ደረሰ። በደንቡ ቢሆን መለካት ያለበት ፕሮጀክቱን የማያውቅ የውጭ ሰው ነው። ነገር ግን ያኔ የሚሠራበት የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ነበር፤ ከዚያ ተከትሎ የወጣው መመሪያ ደግሞ ክትትልና ግምገማን ከአስተዳደር ወጪ ይቆጥረዋል። የአስተዳደር ወጪ ከ30 በመቶ ካለፈ ጣጣ ነው። “70/30” እያልን የምንሳቀቀው እሱን ነበር። (በ2011 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ተቀይሯል።) ስለዚህ አለቆቼ “ልጆቹን ታውቂያቸዋለሽ፣ አይፈሩሽም፤ ሂጂና ለኪ” አሉኝ። ልጆቹን ማወቄ እንደ ጥቅም ተቆጠረ።

እኔም አወቅኋቸዋ! ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ስሄድ ስመለስ የማንኛዋ እናት እንደሞተች፣ የማንኛው አባት እንደሚጠጣ አውቃለሁ። ያ ልጅ አሁን 3ኛ ክፍል ደርሶ ተራው ሲሆን መጣና ተቀመጠ። ፊደላቱን በአብዛኛው ያውቃል። ቃላት ላይ ግን አሁንም ይንገታገታል። ታሪኩ ላይ ስንደርስ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ደንቡ “ጀምር” ብሎ ወዲያው ሰዓቱን መጫን ነው። እኔ ግን ወረቀቱን አሳየሁትና “ቀስ ብለህ በዓይንህ እየው እስቲ” አልኩት። ሰዓቱን አልተጫንኩም። “አሥር ሰከንድ ብጨምርለት ማንን ይጎዳል?” አልኩ በልቤ። አሥሯ ሰላሳ ሆነች። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች አንዴ ለራሱ ሲወጣቸው እያየሁ ጠበቅሁት። ከዚያ ተጫንኩ። አነበበ። ከሚፈለገው ልክ በትንሹ አለፈ። ፈገግ ሲል ያየሁት ያን ቀን ነው።

ለእሱ ካደረግሁ ለቀጣይዋ ልጅ እንዴት እከለክላለሁ? ለእሷም አደረግሁ። ለሌላውም። በትምህርት ቤቱ 20 ልጅ ነበር የሚለካው። ከቀትር በኋላ ሁሉንም “ቀስ ብለህ እየው፣ ቀስ ብለሽ እዪው” እያልኩ ነበር። በሌሎቹም ትምህርት ቤቶች እንደዚያው ሆነ። ማንም አላዘዘኝም፣ ጉቦም አልበላሁም። እንዲያውም ወደ ደብረ ብርሃን ስንመለስ መኪና ውስጥ እዘፍን ነበር።

ውጤቱ ሲደመር ያማረ ሆነ። ቢሮ ኬክ ተቆረሰ። ሰኔ ላይ የለጋሹ ድርጅት ሰዎች መጡ፤ ልጆቹ ቲሸርት ለብሰው ዘመሩ፤ ፎቶ ተነሳን። ከዚያም በስብሰባ ላይ አንድ ቃል ሰማሁ። ትምህርት ቤቶቹ “ተመርቀዋል” ተባለ። ግባቸውን መተዋልና ገንዘቡ ወደ ሌላ ወረዳ ይዛወራል ማለት ነው። የሁለት ዓመት ማራዘሚያ ታስቦላቸው እንደነበረ ያን ቀን ነው የሰማሁት። ችግር አለባቸው ለሚባሉ ትምህርት ቤቶች ነበር የታሰበው።

በሐምሌ የቅዳሜው ንባብ ቆመ። ወጣቶቹን የሚያስተባብር፣ ደብተርና ጠመኔ የሚያቀርብ አልነበረም። መጻሕፍቱስ? እነሱ አልጠፉም። ርዕሰ መምህሩ በሞዴል 19 ተረክበው ግምጃ ቤት ቆልፈውባቸዋል። “አንድ ቢጎድል ተጠያቂው እኔ ነኝ” ይላሉ፤ እውነታቸውንም ነው። የሚያነቡ ልጆችና የተቆለፈ ሣጥን… ወረቀት ላይ ግን ሁለቱም “የተሟላ” ነው የሚለው።

እጮኛዬ ይህን ሁሉ ዝም ብሎ ነው ያየው። ለእሱም “ውጤታማ መምህር” የሚል የምስክር ወረቀት ደርሶት ነበር። አንድ እሁድ ደብረ ብርሃን ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና “ይኼ የማን ነው?” አለኝ። “ያንተ ነዋ” አልኩት። “የእኔን ልጆች እኔ አውቃቸዋለሁ። ከ70ው ይህን ያህል የሚያነቡ የሉኝም። ማን ነው ያነበበው?” ሲለኝ ዋሽቼ ላልፈው አስቤ ነበር። አልቻልኩም፤ ሁሉንም ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። “እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ‘ልጆቹ ገና ናቸው፣ አትሂዱብን’ ብዬ ስጮህ አንቺ በአንድ ቀን አስነበብሻቸው” አለና ሂሳቡን ከፍሎ ወጣ። ሂሳብ የከፈለው ሆን ብሎ ነው፤ ገብቶኛል።

አራት ወር ያህል አልተነጋገርንም። በመካከሉ አለቃዬ ዘንድ ገብቼ ያደረግሁትን ተናገርኩ። ጥፋቴን ሰምተው የሚያባርሩኝ መስሎኝ ልብሴን ሁሉ ሸክፌ ነበር። በትዕግሥት አዳመጡኝና “ሪፖርቱ ሄዷል። አሁን ብትናገሪ የሚጎዱት ሌሎቹ ወረዳዎች ናቸው” አሉኝ። አስቡት፤ መልሱ እኔ ለራሴ ስሰጥ የነበረው ዓይነት ደግ መልስ ነው። ዝም አልኩ። ደመወዜንም መቀበል ቀጠልኩ።

እሱ ግን ዝም አላለም። መስከረም 2011 ላይ ርዕሰ መምህሩን ለምኖ 40 መጻሕፍት በሞዴል 22 በስሙ ፈርሞ አወጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ 12 ልጆች ይዞ ማስነበብ ጀመረ። ይህን የነገረችኝ በፊት በበጎ ፈቃድ ታስነብብ የነበረች ልጅ ናት። አንድ ቅዳሜ በሚኒባስ፣ ከዚያም በእግሬ ሄድኩ። ላንድክሩዘር የለ፣ መታወቂያ የለ። ሲያየኝ “ያቺን ቡድን ያዢያት” ብቻ አለኝ። ያ ልጅም ነበር። ሰዓት የለም፣ ወረቀት የለም፤ ስለ ጅብና አህያ የሚያወራ መጽሐፍ ይዞ አንዲቷን ገጽ ሩብ ሰዓት ፈጀባት። ሩብ ሰዓት! ዓይኔን ከእሱ ላይ ለማንሳት አቃተኝ። እኔ በወረቀት ላይ “አንባቢ” ያደረግሁት ልጅ ይህ ነው። በዓመቱ መጨረሻ መጻሕፍቱ ሲመለሱ ሦስቱ ጎድለው ዋጋቸው ከእጮኛዬ ደመወዝ ተቆረጠ። ልክፈል ብለው እምቢ አለኝ።

በ2012 ዓ.ም ተጋባን። እሱ ወደ አዲስ አበባ ተዛውሮ አሁንም የመንግሥት ትምህርት ቤት ያስተምራል። ያ ልጅ 5ኛ ክፍል ላይ አቋርጧል፤ ከቀድሞ ባልደረቦቹ ነው የሰማነው። በእኔ ሰላሳ ሰከንድ ምክንያት ነው ልላችሁ አልችልም፤ አባቱ ታመው ነበር፣ በጎቹም አሉ። ግን ደግሞ አይደለም ለማለትም አልችልም። በክልሉ ግጭት ከተነሳ ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ደግሞ ሄጄ ለመጠየቅም መንገዱ እንደ ድሮው አልሆነልኝም።

ይህን ዛሬ ለምን አነሳሁት? አሁን በሌላ ድርጅት ውስጥ፣ እንደገና በትምህርት ላይ ነው የምሠራው። ሥራውን እወደዋለሁ፤ ሌላ የማውቀው ሥራም የለኝም። በጥር 2017 ዓ.ም አሜሪካ የውጭ ዕርዳታዋን ስታቋርጥ ስንት የማውቃቸው ባልደረቦች በአንድ ሳምንት ውስጥ ቤታቸው እንደተቀመጡ አይቻለሁ። የቤት ኪራይ አለብን፤ አንዲት ልጅም አለችን። እንዲህ ባለ ጊዜ ማንም ቢሆን “አይሆንም” የምትለዋን ቃል ይቆጥባል። ከሁለት ሳምንት በፊት አለቃዬ ጠርቶኝ የመጨረሻው ልኬት መድረሱን ነገረኝና “ልጆቹን ታውቂያቸዋለሽ፣ አንቺው ብትሄጂ ይሻላል” አለኝ። ቃል በቃል!

ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። የተማሪዎቹን ደብተር እያረመ ነበር። ቀና ሳይል “እና ምን አልሽው?” አለኝ። “አስብበታለሁ” አልኩት። ሌላ ነገር አልተናገረም፤ ደብተሩን ገለጠ።

ባለፈው ረቡዕ በአንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩ። ልጆቹን ስለማውቃቸው እኔ መለካት እንደሌለብኝ፣ ከዚህ በፊትም ምን እንዳደረግሁ፣ የትኛው ወረዳ፣ በየትኛው ወር፣ ስንት ልጅ፣ ሁሉንም። አለቃዬ እፊቴ አነበበው። ከዚያ ወደ መሳቢያው ከተተውና “እንነጋገርበታለን” አለኝ። ይህን ስጽፍላችሁ እሑድ ነው፤ እስካሁን አልተነጋገርንም።